አማትና አማች ያለ ሬዲዮ

በዚያን ዕለት ጠዋት አብራሪውን ከሁሉ የከበደው ነገር አማቱን ሚዛን ላይ እንዲወጡ መጠየቅ ነበር። አራት ሰው በምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን የሚሄድ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ሻንጣ፣ መመዘን አለበት። የማያውቀው መንገደኛ ሲሆን ቀላል ነው፤ "እዚህ ላይ ይቁሙልኝ" ይላል፣ ይጽፋል፣ ያልፋል። አማት ግን ሌላ ነገር ናቸው። በዚያ ላይ እኚህ አማት።

ሴትዮዋ በከተማቸው "እትዬ ሚዛን" ነው የሚባሉት። የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። ሊጡ ተቆርጦ ምድጃ ከመግባቱ በፊት አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል፤ ጎደሎ ዳቦ ከእሳቸው ቤት ወጥቶ አያውቅም። ሰውንም እንደዚያው ናቸው። አንዴ ከእግር እስከ ራሱ አይተው ክብደቱን በልባቸው ከያዙ በኋላ ማን ያስለውጣቸዋል። የልጃቸውንም ባል መዝነው ቀሎ አግኝተውታል። ክፉ ሰው ነው ብለው አይደለም፤ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ሚስቱን ይወዳል። ግን አያወራም። ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፣ ከዚያ ጣሪያውን ያያል። ሥራውም ቢሆን ዓይናቸው አልገባም። "አየር ላይ ውሎ የሚገባ ሰው ምን ጨብጦ ይገባል" ይሉ ነበር ለጎረቤት። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ "እርስዎ" ነው የሚሉት፤ ሲሰሙት አክብሮት የሚመስል፣ ሲቀምሱት ግን የተዘጋ በር የሆነ "እርስዎ"።

ታዲያ ትናንት ልጃቸው ወለደች። ሴት ልጅ፣ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ። ወደ ትልቁ ከተማ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ተዘግቷል። አብራሪው የሚሠራበት ድርጅት መለዋወጫና መድኃኒት በየከተማው የሚያደርስ ስለሆነ፣ ዕቃውን አራግፎ ባዶውን ሲመለስ አማቱን ይዞ እንዲመጣ አለቃው ፈቀደለት። ሴትዮዋ መጀመሪያ እምቢ አሉ። በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አልገባም አሉ። ልጃቸው ስልኩን ሕፃኗ አፍ ላይ አስጠግታ ለቅሶዋን አሰማቻቸው፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ዕድሜ ልካቸውን ሲመዝኑ ኖረው ሲመዘኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው የሚዛኑን መርፌ አዩ፣ ባዶ ላይ መቆሙን አረጋገጡ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ወጡ። አብራሪው ቁጥሩን አይቶ ጻፈ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዘንቢል ሙሉ ዳቦና ሁለት ሻንጣ ጭነው ነበር፤ ሁሉንም መዝኖ አንዱን ሻንጣ ከኋላ ወደ መሃል አዛወረው። ይህን ሲያደርግ በጥንቃቄ ሲያዩት ቆዩ። ሥራውን አልጠሉበትም።

ከዚያ ነዳጁን በዘንግ ለካ፣ ክንፉን ዳሰሰ፣ ዘይቱን አየ፤ ቀበቶውን አሰረላቸውና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ሞተሩ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት የዳቦ ቤታቸው ጣሪያ ከሥራቸው ነበር፤ ዝገቱ ሳይቀር ይታያል። ጣሪያው መቀባት እንዳለበት ያኔ ነው የወሰኑት።

አየሩ ጥርት ያለ ነበር። አውሮፕላኗ በሐይቁ ዳር ዳሩን ይዛ ትሄዳለች፤ ከታች ጀልባዎቹ ፍርፋሪ መስለዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ አብራሪው የትልቁን አየር ማረፊያ መቆጣጠሪያ ማማ በሬዲዮ ጠራ። አንዲት ሴት መለሰችለት። ሰውየው ያለበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ የሚደርስበትን ሰዓት ሳይደናቀፍ ዘረዘረላት፤ ስለ ነፋሱ ጠየቃት፤ ደህና ዋልሽ አላት። አማቱ በማዳመጫቸው ሁሉንም ሰሙ። እሳቸው ቤት በዓመት የማያወራውን በአንድ ትንፋሽ ለዚህች ሴት አወራላት።

ይህቺ ደግሞ ማን ናት ብለው ጠየቁት። የማማው ተቆጣጣሪ ናት፣ ፊቷን አይቼው አላውቅም፣ በድምፅ ብቻ ነው የምንተዋወቀው አላቸው።

"ለድምፅ እንዲህ የሚያወሩ ሰው ለአማትዎ ምን ነካዎት?" አሉ።

አብራሪው ሊመልስ ሲል ፊት ለፊቱ ካሉት መለኪያዎች መካከል አንዲት ቀይ መብራት በራች።

መብራቷ የዲናሞው ናት። ዲናሞው ሥራ አቁሟል ማለት ነው፤ ከአሁን በኋላ የአውሮፕላኗ ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚመጣው ከባትሪው ብቻ ነው፣ ባትሪው ደግሞ ብዙ አይቆይም። አብራሪው ማብሪያውን አጥፍቶ እንደገና አበራው። ቀይዋ አልጠፋችም። ደግሞ መሞከር ትክክል አልነበረምና እጁን ሰበሰበ። ልጁን ያቀፋት ዛሬ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ክብደቷ ገና ክንዱ ላይ አለ። ከዚያ ግን የተማረው ነገር ተራ በተራ ወደ እጁ መጣና የማያስፈልገውን ሁሉ ማጥፋት ጀመረ፤ የክንፉን መብራቶች፣ ሁለተኛውን ሬዲዮ፣ አቅጣጫ የሚያሳየውን ስክሪን።

"ምን እያጠፉ ነው?" አሉ አማቱ።

ሊሸፍነው አስቦ ነበር። ዞር ብሎ ሲያያቸው ግን ቅድም የሚዛኑን መርፌ ባዩበት ዓይን እያዩት ነው። ያንን ዓይን ማታለል እንደማይችል ገባው። ስለዚህ እውነቱን ነገራቸው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዕቃ ተበላሽቷል፣ ባትሪውን እየቆጠብኩት ነው፣ ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮውም ማዳመጫውም ዝም ይላል አላቸው። ሞተሩ ግን አይጠፋም፤ እሳቱን የሚያመነጭለት የራሱ ዕቃ አለው፣ ከባትሪው ምንም አይለምንም። ነዳጁን እኔው ራሴ ለክቼዋለሁ፣ ይተርፈናል። መንገዱንም በዓይኔ አውቀዋለሁ፤ ሐይቁ ሲያልቅ የባቡር ሐዲዱን ይዘን መሄድ ነው አላቸው።

ሴትዮዋ እስኪጨርስ ጠበቁት። ሰውየው ለእሳቸው ይህን ያህል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ ነገሩ ያስፈራቸው ያን ያህል አልነበረም፣ የገረማቸው ይበልጥ ነበር። ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል ወይ ብለው ጠየቁት። ከኋላችን ደመና እየተሰበሰበ ነው፣ ወደፊት ይቀርበናል አላቸው። ገባኝ አሉ።

አብራሪው ሬዲዮው በሕይወት ሳለ የማማዋን ተቆጣጣሪ ጠራት። ዲናሞው መሞቱን፣ ድምፁ ሊቋረጥ እንደሚችል፣ ቢቋረጥም በቀጥታ መጥቶ ከማኮብኮቢያው ጎን እየዞረ የእሷን የመብራት ምልክት እንደሚጠብቅ ነገራት። ስንት ሰው ይዘሃል ብላ ጠየቀችው።

"ሁለት ነን። እኔና አማቴ" አለ።

ሴትየዋ "ተረድቻለሁ፣ ስትደርስ መብራቱን ከ..." ስትል ድምፁ ሸሸ፣ ተንጫጫ፣ ከዚያ ሬዲዮው እንደ ተዘጋ መሳቢያ ድርግም አለ። በጆሯቸው የነበረውም የእርስ በርስ መነጋገሪያ አብሮ ሞተ።

ማዳመጫውን ሲያወልቁ የሞተሩ ጩኸት ሞላባቸው። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ከፍተው ስልካቸውን አውጥተው አበሩት፤ ኔትወርክ የለም። የእሱም የለውም። ስልካቸውን መልሰው ከተቱና በምትኩ ዳቦ አወጡ። ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጡት። አልፈልግም በሚል እጁን ሲያወዛውዝ መልሰው ዘረጉለት፤ እኚህን ሴት ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት እንደማይቻል ሚስቱ ነግራው ስለነበር ተቀበለ። በአንድ እጁ እያበረረ በአንዱ በላ። ጣፈጠው፤ ለካስ ከነጋ እህል አልቀመሰም።

ሐይቁ አለቀ። ሐዲዱ ከሁለት ኮረብታዎች መካከል ብቅ አለ፣ ቀጥሎ የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ቀጥሎ የከተማው ዳርቻ ቤቶች። አብራሪው አንድ ነገር እንደቀረ ያውቃል። የዚህች አውሮፕላን የማረፊያ ጎማዎች ከተነሳች በኋላ ተጣጥፈው ሆዷ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚያወጣቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ኤሌክትሪክ ከሌለ በእጅ ነው። በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወለሉ ላይ ክዳን አለ፤ ከሥሩ እንደ ውኃ ፓምፕ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ ዘንግ አለ። እሱ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ግን ሌላ አውሮፕላን በሚመላለስበት ሰማይ ላይ፣ ያለ ሬዲዮ፣ ጎንበስ ብሎ ወለል ወለሉን ማየት አልፈለገም። ዓይኑ ውጭ መሆን ነበረበት።

ክዳኑን ከፈተ፣ ዘንጉን ጎትቶ አወጣ፣ አፉን ወደ አማቱ ጆሮ አስጠጋ።

"እማማ፣ ይህን ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉልኝ። እስኪጠነክርብዎ ድረስ እንዳያቆሙ" ብሎ ጮኸ። በሕይወቱ እንደዚያ ጮሆ አያውቅም፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ዞር አሉ።

"አንተ ልጅ፣ አትጩህብኝ። እሰማለሁ" አሉት።

አብራሪው በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል "አንተ" መባሉን ልብ አለ። ስለ ጎማው ማሰብ ስላለበት ለጊዜው ወደ ጎን አስቀመጠው።

እትዬ ሚዛን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስተው ጭናቸው ላይ አጣጠፉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዕድሜ ልኩን ሊጥ ሲያሽ የኖረ ክንድ ነው፤ ግን ሊጥ ቆመው ነው የሚያሹት፣ ይህ ደግሞ ታጥፈው፣ ቀበቶ ወገባቸውን ይዞ፣ ወደ ጎን ነው። ገፉ፣ ሳቡ። መጀመሪያ ምንም የያዘ አይመስልም ነበር። ቀጥሎ ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ጓ አለ፣ አውሮፕላኗም ትንሽ ተንገጫገጨች። ዞር ብለው አዩት፤ ራሱን ነቅንቆ ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉ አላቸው። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ትንፋሻቸው አጠረ። ሞተሩ ባይጮህ ኖሮ አማቹ በዚያች ሰዓት የሚሰማውን ለጎረቤት መናገር ባልቻለ ነበር፤ ዲናሞውን፣ ዲናሞውን የሠራውን ሰው፣ ድልድዩን የወሰደውን ጎርፍ ሁሉ በየተራ እየረገሙ ነው የገፉት።

በመጨረሻ ቀና ብለው "ጠነከረ" አሉ።

"አንዴ ይጨምሩ።"

"ጠነከረ አልኩህ።"

"በመስኮቱ ወደ ታች ይመልከቱልኝ። ጎማው ይታይዎታል?"

አንገታቸውን አስረዝመው አዩ። "ይታየኛል።"

"ቀጥ ብሏል ወይስ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል?"

አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ደህና አድርገው አዩት። "ቀጥ ብሏል። ምንም አልጎደለውም" አሉ።

እሱም በራሱ በኩል ያለውን ጎማ በመስኮቱ አየ፤ የፊተኛውን ጎማ ደግሞ ክንፉ ሥር በተሰካችው ትንሽ መስታወት አየው። ሦስቱም ወጥተዋል። ትከሻው ረገብ አለ።

አየር ማረፊያው ከፊታቸው ተዘረጋ። አብራሪው ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን እየበረረ ማማው ላይ መብራት ቢያዩ እንዲነግሩት አማቱን ለመናቸው፤ ማማው በእሳቸው በኩል ነው። ቀለሙን፣ ደግሞም የሚርገበገብ ይሁን የቆመ፣ ሁለቱንም ይንገሩኝ አላቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ከመስታወቱ ቤት ውስጥ አንዲት ፓውዛ ወደ እነሱ ዞረች።

"ቀይ ነው። አይርገበገብም። ምነው ተቆጣች?" አሉ አማቱ።

አብራሪው ሳቀ። አልተቆጣችም፣ ሌላ አስቀድም፣ አንተ ዙር ማለቷ ነው አላቸው። እውነትም ከሥራቸው አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ወርዶ ማኮብኮቢያው ላይ እየሮጠ ነበር። ሴትዮዋ ትልቁን ቁልቁል አይተው፣ በመስኮት በኩል ያለው ሰው ሁሉ እኛን ነው የሚያየው ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ዞሩ። እንደገና ከማኮብኮቢያው ጎን ሲደርሱ ፓውዛዋ ተመለሰች።

"አረንጓዴ" አሉ።

"ይርገበገባል?"

"አይርገበገብም። ዓይኑን ተክሎብናል።"

የቆመ አረንጓዴ ማለት ውረድ ማለት ነው። አሁን ክንፏን አወዛውዛለሁ፣ እንዳይደነግጡ፣ አይቻለሁ ማለት ነው አላቸውና አውሮፕላኗን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል ቀና አደረጋት። አማቱ በአንድ እጅ በሩን ይዘው በሌላው በመስታወቱ በኩል ለማማው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ሰላምታ ከሆነ ሰላምታ ነው።

አንድ ችግር ይቀራል። ሲያርፉ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች ተዘርግቶ ፍጥነት የሚቀንሰው ፍላፕም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነበር። ስለዚህ ከወትሮው ፈጠን ብለው ነው የሚወርዱት፣ ብዙም ይሮጣሉ። ይህን አስቀድሞ ነገራቸው። ማኮብኮቢያው ረጅም ነው፣ ለትልልቆቹ የተሠራ ነው፣ ለእኛ ይተርፋል አላቸው።

መሬቱ ቀረበ። ከመንገዱ ጎን የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ፣ ቆብ ያደረጉ ሰዎች ሲያዩዋቸው አለፉ። ጎማዎቹ አስፋልቱን ነኩ፣ ትንሽ ነጠር አሉ፣ እንደገና ነኩ፣ ያዙ። የሣሩ ጠርዝ በሁለቱም በኩል እየፈጠነ ሄደ፣ ከዚያ እየዘገየ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሣር ለብቻው መታየት ጀመረ። አብራሪው ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ቆመና ሞተሩን አጠፋ።

ጸጥ አለ። የሆነ ቦታ ወፍ ይጮኻል።

"ደረስን?" አሉ አማቱ።

"ደረስን፣ እማማ።"

"ጥሩ። እንግዲህ ቀበቶውን ፍታልኝ፣ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ።"

የድርጅቱ መካኒክ አውሮፕላኗን ወደ ሃንጋሩ አስጎትቶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ወዲያው አገኘው፤ ከዲናሞው ጀርባ ያለች አንዲት ሽቦ ከንዝረቱ ብዛት ከሥሯ ተቆርጣለች። በሁለት ጣቱ ይዞ አሳያቸው። እትዬ ሚዛን ሽቦዋን መዳፋቸው ላይ ተቀብለው ከፍ ዝቅ አደረጓት፣ ይህቺ ነች ወይ ብለው ጠየቁ፣ አዎ ሲላቸው መልሰው ሰጡት።

ሻንጣቸውን እያወረዱ ሳለ ከማማው በኩል አንዲት ሴት መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የምትራመደው ጉልበቷን እየሳበች ነው። አብራሪው ድምፅዋን እስኪሰማ አላወቃትም። ተረኛዋ ተክታት ልታያቸው ነበር የወረደችው። ሬዲዮው ከመቋረጡ በፊት የሰማሁት የመጨረሻ ቃልህ "አማቴ" የሚለው ነው፤ የእሳት አደጋ ሰዎቹ ምን ዓይነት ጭነት ይዟል ሲሉኝ አማቱን ነው አልኳቸው፣ ከዚያ በኋላ አንድም የተቀመጠ ሰው አልነበረም አለችው።

አብራሪው ምድር ብትውጠው ወደደ። አማቱ ግን ያልተጠበቀ ሳቅ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዘንቢላቸው ሁለት ዳቦ አውጥተው ለሴትዮዋ ሰጧት። ቀጥለውም ያቺን ቀይ መብራት ስታበሪብን ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፣ አረንጓዴዋን ቀድመሽ ብታበሪው ምን ነበረበት ብለው ወቀሷት። ሴትየዋም በሌላ ቀን መጥተው ማማውን እንዲያዩና ፓውዛውን ራሳቸው እንዲይዙት ጋበዘቻቸው። ቀኑን እዚያው ቆርጠው ተለያዩ።

ታክሲ ውስጥ ማንም አላወራም፤ ዝምታው ግን ሶፋ ጫፍ ላይ እንደሚቀመጠው ዓይነት አልነበረም። አንድ መብራት ላይ ሲቆሙ ሴትዮዋ ቀዩን አይተው "ይኸው፣ ሌላ አስቀድሙ ትለናለች" አሉ። አብራሪው ዙሩም ትለናለች አላቸው። ባለታክሲው በመስታወቱ አያቸው።

ልጃቸው አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ጠበቀቻቸው። ለምን ዘገያችሁ ስትል አብራሪው ትንሽ ኤሌክትሪክ ተበላሽቶብን ነበር ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። እናቷ አላስቻላቸውም። ጫማቸውን ሳያወልቁ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከመነሻው ጀመሩ። ቀይዋ መብራት ሲያወሯት አደገች፤ ጎማው እስኪወጣ የገፉት ዘንግ ወደ ግንድ ተጠጋ፤ ያረፉበት ፍጥነት የሚታመን አልሆነም። ልጃቸው አንዴ በሳቅ አንዴ በድንጋጤ ሆዷን እየያዘች ሰማች፣ ባሏን እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን እያየች። አብራሪው አንዱንም አላረመም። ሲጨርሱ ብቻ፣ እማማ ባይኖሩ ያን ያህል በቀላሉ አልወርድም ነበር አለ። ሚስቱ ከዚህ በፊት በእናቷ ፊት ባሏ ሳይጠየቅ ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ ሕፃኗን ከጎኗ አነሳችና ለእናቷ ዘረጋችላቸው።

እትዬ ሚዛን እጃቸውን ታጥበው መጥተው ተቀበሏት። ዘንጉን የገፋው ክንዳቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከትከሻቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ፣ ሊያስቆሙት ሲሞክሩ ይበልጥ እየባሰ። ትልቅ የሊጥ ገንዳ ብቻቸውን የሚያነሱ ሴት ይህቺን ቁራሽ የምታህል ልጅ መያዝ አቃታቸው። ፊታቸው ተለወጠ። መልሰው ሊሰጧት ዘንበል ሲሉ አብራሪው ከወንበሩ ተነስቶ ከፊታቸው በርከክ አለና ሁለት እጁን ከእሳቸው እጅ ሥር አስገባ።

"ይዘሃታል?" አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ይዣታለሁ።"

"እንዳትለቃት።"

አልለቃትም አለ። ሕፃኗ አንድ ዓይኗን ገልጣ ሁለቱንም አየቻቸው፣ አዛጋች፣ መልሳ ተኛች። ሚስቱ ጉልበትህን አያምህም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ራሱን ነቅንቆ አያመኝም አላት፤ ክንዳቸው እስኪረጋ ድረስም እንደዚያው ሆነው ቆዩ።